ቢላው የሚገባበት

ከአምስቱ ደርብ ሦስቱ ፎም ነው፣ እውነቱን ልናገር፤
ሁለቱ ብቻ ናቸው ዱቄት፣ እንቁላል፣ ስኳር።
ሙሽሪት ታውቃለች። እናቷ አያውቁም።
ዋጋውን ስንቆርጥ ተማምለናል፣ ለሰው አናወራም።

ሐዋሳ፣ ሚያዝያ፣ ቅዳሜ ሊነጋ፤
መብራት ሄዷል፣ ክሬሙ አልቦታል፣ የሐይቁ ነፋስ ተዘጋ።
አደይ ነበር ያለችኝ፣ «የመስከረም ልጅ ነኝ» ብላ፤
አደይ በሚያዝያ! ስኳር አሸሁ፣ ቢጫ እስኪሆን የእጄ ገላ።
ስምንት ቅጠል ለአንዷ፣ በስቴኪኒ ጫፍ እያጎበጥኩ፤
መቶ አርባ ላይ ቁጥር ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ።

ዳንጊሶ ባጃጁን ነዳው፣ ጉብታ ባየ ቁጥር እየማለ፤
«ሚስቴን ምጥ ይዟት ስወስዳት እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅሁም» አለ።

አዳራሽ ደርሼ፣ ከደጄ የቀነጠስኳትን ነጭ ጽጌረዳ
ግንዷን በስትሮ አልብሼ
ሁለተኛው ደርብ ላይ ሰካኋት፤ ብቸኛዋ እውነተኛ እንግዳ።
ለሙሽሪት በጆሮዋ፦ «ከሷ ሥር ቁረጪ፤
ወዲያ ካልሽ ፎሙ ይጮኻል፣ እንዳታጋልጪ።»

ቢላው መጣ። የሱ እጅ ከላይ፣ የሷ እጅ ከሥር፤
እሱ ወደ ታችኛው፣ ወደ ትልቁ ሲገፋ፣ እሷ ቀስ ብላ ስታዞር፣
ሕዝቡ እልል አለ። አንድም ሰው አላየ
የቤቱ መሪ ማን እንደሆነ በዚያች ስንዝር እንደተለየ።

እሑድ ፎሞቹ ተመለሱ፣ በማዳበሪያ ከረጢት፤
እየላጥኩ አጥባለሁ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሽሪት።
ከታችኛው ደርብ፣ አንዲት አደይ ላይ፣
የወተት ጥርስ፦ ሁለት ከሥር፣ ሁለት ከላይ።
ማን እንደሆነ እንጃ፤
ነክሶ፣ ቀምሶ፣ መልሶ ሰክቷታል።

ያቺን አላነሣኋትም።