የረጠበው ዘንግ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ በጠባቧ ቤት
ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ነጭ ሳጥን ሠራሁ፣ እንደ ፊት፤
ጭረት ብልጭ ድርግም ውስጡ የምትል፣
«ምን ልታዘዝ?» እንጂ ሌላ የማይል።

ለትሁኔ ሰጠኋት ዓሣ ስትመዝን፤
ቅርፊት ባለው ጣቷ ነካች ሳጥኑን።
«በሩ የታል?» አለች፣ «ግድግዳ ብቻ ነው፤
ቤት የሠራ ሰው ደጁን እንዴት ይረሳው?»

ቢሆንም ጠየቀች፦ አምባዛ ነገ ስንት ያወጣል?
ማሽኑ ምን ቸገረው፣ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል፤
ቁጥር በቁጥር ላይ፣ ያለ ሳል፣ ያለ ማመንታት፣
ያወቀውም የገመተውም ባንድ ዓይነት ድምፀት።

ሐይቁን ጠቆመችኝ፦
«ከላይ ሲያዩት ውሃው አንድ ይመስላል፤
ታንኳ ቀዛፊው ግን ዘንጉን ይሰዳል፣
መልሶ አውጥቶ የራሰውን ያያል።»

አድሬ አፈረስኩት። ከየመልሱ ጎን
ቀጭን ዘንግ አቆምኩኝ፤ ማሽኑ እርግጡን
ሲናገር ጫፉ ብቻ፣ ሲገምት እስከ መያዣው ይርሳል፤
መሬት ካጣ ደግሞ «አልደረስኩም» ይላል።
ደጅም አበጀሁለት፣ በሷው አነጋገር፦
ምን ወጣ? ስንት ኪሎ? ለሆቴል ነው ለመንደር?

ዓሣዋን ሳታስቀምጥ ዘንበል ብላ አየችው።
አላመሰገነችም።
«ማስቆሚያውን» አለች፣ «ሰፋ አድርገው፤
እጄ ዓሣ ይዟል፣ በክርኔ ልንካው።»