የእርሳስ ሽርጥ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤
ውርጩ የመስኮቱን መስታወት ገና አልለቀቀም።
የራጅ ክፍሉን በር በትከሻዬ ገፋሁት፣
ሆዱ እርሳስ ስለሆነ በመዳፍ አይከፈትም።

ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፤ እቴነሽ ገብረየስ።
ዕድሜ፤ ሃምሳ ሦስት።
ሥራ፤ የቤት እመቤት።
(ቅጹ ላይ ሌላ ሣጥን የለም ለእንደ እሷ ያለች ሴት።)

ግራ እጇን በነጠላ አንጠልጥላ ገባች፤
አመዳይ ነው አሉ፣ ደጃፏ ላይ ያንሸራተታት።
«መሬቱን በእጄ ያዝኩት» አለችኝ፣
«መሬቱ ግን አልያዘኝም።»

ሽርጤን ታጠቅኩ፣
ከአንገት እስከ ጉልበት፣ ወገብ የሚያጎብጠውን።
«ምንድነው ልጄ የለበስሽው?»
«እርሳስ ነው እናቴ፣ ጨረሩ እንዳያገኘኝ።»
ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣
ሳቋ የተሰበረውን ነካባትና አቃሰተች።
«እርሳስንማ አውቀዋለሁ።
አንቺ ለብሰሽዋል፣
እኔን ግን እሱ ለብሶኛል።»

ባሏ ወንድይፍራው የሞተ ባትሪ ይገዛ ነበር፣
የአይሱዙ፣ የሲኖትራክ፣ የወፍጮ ቤት።
እሱ በመጥረቢያ ይፈልጣል፣
እሷ አሲዱን ባሕር ዛፉ ሥር ትደፋለች
(ዛፉ በአንድ ጎኑ ደርቆ በአንድ ጎኑ አለ)።
ሳህን ሳህኑን ብረት ታጥባለች በሰፊው ሳፋ፣
ማታ ልጆቿን በምታጥብበት።
በብረት ድስት ሲቀልጥ ጢሱ፣ አለችኝ፣
«ምላስ ላይ ይጣፍጣል፣ አታምኚም?»
አራት ልጅ አጠባች እዚያ ጢስ አጠገብ፣
አንዱን በጀርባ፣ አንዱን በጡት።

የሆነውን እኔ እንዲህ ነው የማየው፦

የመሸበት መጣ፣ ከደጅ ቆሞ ጠራ፣
«የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ አደራ።»
አጥንት ደግ ባላገር፣ መልኩን አልመረመረ፣
«የኖራ ዘመድ ነው» ብሎ አሳደረ።
እንግዳው አደረ፣ ሰነበተ፣ ከረመ፣
ባለቤቱን አስነሥቶ በመደቡ ተጋደመ።
ስታረግዝ ተነሥቶ በደሟ ዞረ፣
ስታጠባ ከወተቷ ጋር ጥቂት ተሻገረ፣
የቀረው እዚያው ኖረ።
የወር አበባዋ የቀረ ዓመት ግን
«በቃኝ፣ ልሂድ» ብሎ ጓዙን ሸከፈ፤
ብቻውን አልወጣም፣
ምሰሶውንም ነቅሎ አሳለፈ።

ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቀልኩት።
የሃምሳ ሦስት ዓመት አጥንት ጋቢ ነበር መሆን ያለበት፣
የእሷ ነጠላ ነው፤ ብርሃኑ ወዲያ ማዶ ያልፋል።
ለሐኪሙ የባትሪውን ነገር ነገርኩት።
«ደም ውስጥ የሚለካ መሣሪያ የለንም» አለ፣
እውነቱን ነው፤
ካልሲየም፣ ወተትና ፀሐይ ብሎ ጻፈላት።
እዚህ አገር ፀሐይ ያከስላል እንጂ መች ያሞቃል!
እኔም ብሆን በመስቀል አልምልም፤
ፊልም «ሳስቷል» ይላል፣
ማን እንዳሳሳው አይናገርም።
እርሳስ ገብቶ ሲወጣ ስሙን አይፈርምም።

እሷም አትፈርምም። ቀኝ አውራ ጣቷን
ቀለም ነክራ ቅጹ ላይ ጫነች፣
በዕድሜዋ እርሳስ ይዛ ጽፋ አታውቅም።

ከሰዓት ጀሶ አስረውላት ለሁለተኛ ፊልም ተመለሰች።
የልጅ ልጇ ይትባረክ ከኋላዋ፣
ኮሪደሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ
ነጩን ጀሶ ደብተር አድርጎት፣
ስሙን ጽፎበታል፣ «ባ»ዋ ተገልብጣ።
«በምን ጻፍክብኝ አንተ?»
«በእርሳስ!»
«በእር... ሳስ» አለች፣ ቃሉን ሁለት ቦታ ሰብራ፣
እንደ እጇ።
«እርሳስ ይለኛል። እኔማ እረሳ ነበር፣
አጥንቴ ነው እንጂ አልረሳም ያለው።»

ልጁ አልገባውም። ጀሶው ላይ ፀሐይ መሳል ጀመረ።
ሲወጡ በሩን ያዝኩላቸው፤
ከባድ ነው፣
በአንድ እጅ አይገፋም።