ንጉሡ ሠ

የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አንድ መዝገብ ሰጠኝ፤
«አቃኚው» አለና ሊቀ መንበሩ፣ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠኝ።
ውጭ መረብ ተሰጥቶ በጣና ንፋስ ይደርቃል፣
ውስጥ የአንድ ሰው ስም አራት ዐይነት ይነበባል፦
ሰረቀ ብርሀን። ሠረቀብርሃን። ሠረቀ ብርሐን። ሰ/ብርኃን።
ጸሐፊ በተለወጠ ቍጥር የተበተኑ አንድ ሽማግሌ።

በእጄ ብሞክር፣ አንዱን ሳርም ሌላው ከታች ብቅ፣
እንደ ደንገል፣ ቢያጭዱት የማያልቅ።
ከዚያ ሬጌክስ ጻፍሁ፤ ነጥብ፣ ኮከብ፣ ቅንፍ፣ እዝባር።
«ከእዝባር እስከ እዝባር ያዢ» ብላት፣ ኮከቧ ሆዳም ናት፣ የላትም ዳር፤
ወ/ማርያምን ዋጠች፣ ገ/ሕይወትን ዋጠች፣
የጀልባውን ቍጥር፣ የቆሮሶውን ኪሎ፣ ሁሉን አግበሰበሰች።
መረብ ጠጋኙ ደሳለው በትከሻዬ አየና ሳቀ፦
«ዐይኑ የጠበበ መረብ ያልደረሰውንም ይጠርጋል፤ እንዲህ ነው ሐይቅ ያለቀ።»
ከኮከቧ ኋላ አንዲት የጥያቄ ምልክት ሰካሁላት፤
ከመጀመሪያው እዝባር ስትደርስ፣ «በቃኝ» ማለት መጣላት።

ነገ ደግሜ እንዳልጽፈው፣ በፋንክሽን ቋጠርሁት፤
ስሙንም «አጽዳ» አልሁት።
አጽዳ ለስም፣ አጽዳ ለቀበሌ፣ አጽዳ ለስልክ ቍጥር፤
አንዴ ያሰሩት ቋጠሮ ለስንቱ መረብ ሲያድር!
ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፣ ሦስቱም አንድ ሀ ይሁኑ፤
ንጉሡም በእሳቱ ሰ ይተካ፣ ዙፋን የለም በማሽኑ።
ባሕር ዳር ራሷ በቅጽበት «ባህር ዳር» ሆነች።
መብራት ሳይሄድ፣ ሻዬ ሳይበርድ፣ መዝገቡ ጸዳ፤
ሰኞ መታወቂያው ታተመ፣ ታደለ በማለዳ።

ማክሰኞ ሽማግሌው መጡ፤ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።
ቅኔ ቤት ገብተው የወጡ ናቸው፤ ሳይቆጡ ተናገሩ።
«ልጄ፣ በንጉሡ ሲሆን ብርሃን ወጣ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ተወልጄ።
በእሳቱ ግን ብርሃንን ሰረቀ። የማንን ሰረቅሁ በእጄ?
ሐመሩንም አስጥመሻል አሉ፤ ታዲያ በምን እንሻገር?»
መልስ አልነበረኝም ለዚህ ነገር።

«አጽዳ»ን አልጣልሁትም። «ፈልግ እንጂ አትጻፍ» አልሁት፤
የሰውን ስም እንዳለ ትቶ፣ ከጎኑ ጥላውን እንዲያነብ አዘዝሁት።
አራቱ መስመሮች ተጠራርተው በስክሪኑ ተሰለፉ፤
ሁለቱ ባንድ ቀን፣ የአምናን ትርፍ ተከፍለው ያለፉ።

እኔ ዝም።
እሳቸውም መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ።
ከመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ፤ ብሩን ቆጥረው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፦
«በይ፣ አሁን በንጉሡ ጻፊልኝ።»