ስልሳ ዘጠነኛው

እሁድ አመሻሹ፣ የመጋቢት ብርድ፣
ነብራስካ ሜዳ ላይ በረዶው ሲወርድ፣
በሃርላን ክሪክ ኮሌጅ፣ አሮጌው ጂም ውስጥ፣
አንድ ሙሉ ከተማ ቁጭ ብሎ ሲያምጥ፤
አሥራ አራት ልጆች፣ በታጣፊ ወንበር፣
ጉልበታቸው ወጥቶ ከአገጭ ሊማከር፣
ዓይናቸው ተሰክቶ ቴሌቪዥኑ ላይ፣
ስማቸው ይጠራ፣ አይጠራ እንዲታይ።

ስልሳ ስምንት ወንበር ነው ያለው ድግሱ፤
የተጠሩት ይግቡ፣ የቀሩት ይመለሱ።

አንድ በአንድ ተጠሩ፣ ከደቡብ ከምሥራቅ፤
ትልልቁ ኮሌጅ፣ ባለ ወርቅ ባለ ጨርቅ፣
ዘንድሮ አሥራ አራቴ ተሸንፎ እንኳ ሰው
«ማን ነህ?» ብሎ በሩ ላይ የማይጠይቀው።
ሃርላን ክሪክ ደግሞ ሃያ ስምንት ረትቶ፣
በፍጻሜው ማታ በአንድ ነጥብ ተረትቶ፤
ኮርዊን ፕሩዊት የለቀቃት ኳስ
ቀለበቱን ዞራ፣ ዞራ፣ ዞራ እስክትመለስ።

ስልሳ ስምንት ሞላ። ማስታወቂያ መጣ።
ማንም አልተነፈሰ፣ ማንም አልወጣ።
የመኪና ጎማ፣ ቢራ፣ የጥርስ ሳሙና፤
ኮርዊን ስሙን እየጠበቀ ነው ገና።

በማግስቱ ጠዋት በቬልማ ምግብ ቤት
ክርክሩ ጦፈ ከድንች ጥብሱ ፊት።
«ይስፋ!» አለ ኦርቪል፣ የእህል ጎተራ ጠባቂ፣
«ወንበር ነው፣ አይደለም እንደ ዘይት አላቂ!
የዚያን ልጅ ፊት አላያችሁም ትናንት?
ስምንት ስም ቢጨመር ማን ነው የሚሞት?»

ግሌንዳ ሳቀች። ባንክ ነበር ሥራዋ፣
ቁጥር አያልፋትም፣ ሹል ነው እርሳስዋ።
«ኦርቪል፣ የዋህ ነህ። ስምንቱ ወንበር
ለእኛ ነው ያለህ ከቶ ማን ነበር?
ይቀመጥበታል ከትልቁ ሊግ
አሥራ አንደኛ የወጣ፣ ስሙ የሚፈለግ፤
የቴሌቪዥን ሰዓት ስለሚሸጥበት።
ለእኛ የምትደርሰን ያችው ደጅ ጥናት።»

ግሌንዳ የእኛን ቋንቋ ጥቂት ብትቀምስ
ቅኔ ትጨምርበት ነበር በዚያ ቁርስ፦
«ቅርጫት ነበር ስሙ ጨዋታው ሲጀመር፤
አሁን ቅርጫ ሆነ፣ መደብ መደርደር።
መደቡ ሲበዛ ብልቱ ይሳሳል፤
አጥንት የደረሰው ‹ሥጋ በላህ› ይባላል።»

ዌንዴል ከጥግ ሆኖ ሻዩን ይምጋል፤
ሠላሳ ዓመት ሆነው፣ ጂሙን ይወለውላል።
«እኔ ስጫወት» አለ፣ «አርባ ስምንት ነበሩ።
አርባ ዘጠነኛ ሆንን። ጠባብ ነበር በሩ።
ኋላ ሰፋ፣ ስልሳ አራት አሉን፤
ደግሞ ሰፋ፣ ስልሳ ስምንት። ደስ አለን።
ግን በር በሰፋ ቁጥር ደጁም ይሰፋል፤
እኔ ከቆምኩበት ሌላ ልጅ ይቆማል።
አርባ ዘጠኝ እኔ፣ ስልሳ ዘጠኝ ኮርዊን፤
ነገ ሰባ ሰባት። የማን ልጅ ይሆን?»

«እንግዲያው አይስፋ?» አለችው ግሌንዳ።
ዌንዴል አቀረቀረ እንደ ባለ ዕዳ።
«እኔ እንጃ» አለ ቆይቶ። «ያን ለታ ግን፣ ያኔ፣
ስልኩ ደውሎ ቢሆን፣ ‹ና› ቢባል ለእኔ፣
‹ስንት ናችሁ?› ብዬ መች እጠይቃለሁ?
ሠርጌንም ጥዬ ቢሆን እሮጣለሁ።»

ማታ፣ ጂሙን ሊዘጋ ባልዲውን ይዞ
ሲገባ መብራት አለ። ኮርዊን ተክዞ፣
ወለሉ እንዳይቆሽሽ ጫማውን አውልቆ፣
በካልሲው ቆሟል፣ ከዚያችው ቦታ ርቆ ሳይርቅ፣
ያችኑ ኳስ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ይለቃል።
ታች የሌለው ቅርጫት ምን አጥብቆ ይይዛል?
የገባችውንም መልሶ ያፈስሳል።

ዌንዴል አልተናገረም። ባልዲውን አስጠግቶ
የውጪውን በር ደገፈው፣ ወለል አርጎ ከፍቶ፤
ለምን እንደሆነ ራሱም አላወቀ።
ጠዋት በወለወለው ጣውላ በረዶው ወደቀ።
ኮርዊን ዞር ብሎ፣
«ይበርዳል እኮ» አለ፤ ሳቀ።