አንድ መጠምዘዣ

ስምንት ወር ሙሉ ዝምታ ተማርኩ፣
በደብተር ጻፍኩት፣ በቀይ አሰመርኩ።
ጦይባ መምህሬ፣ ጀርባዋን ለጦሳ ሰጥታ የተቀመጠች፣
«መቀመጥ ይቀድማል፣ ማስተማር ይከተላል» አለች።
ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ጮኸ። ወገቤ ከሰሰ።
ሐሳቤ እንደ ሰኞ ገበያ እየተርመሰመሰ
በማይገዛው ዕቃ ዋጋ ሲከራከር ቀኑ ተጨረሰ።
«ተመለስ» ትለኛለች። «ከየት?» እላታለሁ።
«እሱን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ስትል ዝም እላለሁ።

መጽሐፉ የውጭ ነው። ስሙን በኛ አፍ ልጠራው
ሦስት ሌሊት ለፋሁ፣ ቃል በቃል ልሠራው፤
አንዱ ቃል ሱባኤ ያስገባል፣ አንዱ ሐኪም ቤት ያስተኛል፣
አንዱ መዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ ይገኛል።
ሲነጋጋ፣ ከመስኮቴ ሥር ጎሚስታው ረዳቱን ሲቆጣ፣
«ቡሎኑን አጥብቅ! ቀልብህ ወዴት ወጣ?»
ሲል ሰማሁ።
ቀልብ! ለካ ደጄ ላይ ነበረ፣
ዘይት የነካው ቃል፣ ጎማ መሃል ያደረ።

ለባዶ ወንበር ሁለት ሳምንት ደጋግሜ አስተማርኩ፤
ወንበር አይጠይቅም፣ አያንቀላፋም፤ ጎበዝ ነኝ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን። ፒያሳ፣ አንድ አዳራሽ፣ ሰባት የፕላስቲክ ወንበር፤
ስድስት ሰው መጣ። ሰባተኛው እኔ ነኝ፣ ድምፄ ግን የእኔ አልነበር፤
የጦይባን ቃና እንደ ኮት ተውሼ
«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልኩ፣ ቃሌን አለስልሼ።
ሉባባ አልጨፈነችም።
«ዓይኔን የጨፈንኩ 'ለት ያ ሌሊት ይመጣል፣
ከባድ መሣሪያው ጣራዬ ላይ ይቀመጣል።
ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ እኔ ገልጬ ነው የምተነፍሰው» አለች፤
ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈች።
መመሪያዬን ገለጥኩ። ገጽ አርባ። ገጽ አርባ ሁለት።
የለበትም ያ ሌሊት።

ጥግ ላይ ጋሽ ሙህዬ፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣
«ትንፋሽ ልታስተምረን? ሰባ ዓመት ስተነፍስ ማን ጠየቀኝ ዕዳ!»
ብሎ ሲስቅብኝ የነበረው፣ እንዳልሳቀ ሆኖ ወንበሩን አስጠጋ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለእሷ ብቻ ሊያወጋ።

«ሐረጎ ላይ፣ በነሐሴ ጉም፣ ሦስት መቶ ኩንታል ጭኜ፣
ኮምቦልቻ አይታይም፤ ገደሉም አይታይ ለዓይኔ።
ተጨፍኖማ አይነዳም፣ እህቴ!
ግን ስለ ታቹ ካሰብኩ አለቀልኝ፣ እኔም፣ ጭነቴም፣ ቤቴ።
ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ፣
የምትታየኝን አንድ መጠምዘዣ ብቻ።
እሷ ስታልቅ ሌላዋን። እንዲህ እንዲህ... ኮምቦልቻ።»

ማንም አልመለሰ።
ውጭ የታክሲ ረዳት «ሐይቅ! ሐይቅ! የቀረው አንድ ሰው!» ይላል፤
ትንፋሹ ያልቅና ይሞላል፣ ደግሞ «ሐይቅ!» ይላል።
ሉባባ ዓይኗን ገልጣ፣ መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ
ስትወርድ ታያለች፣ ሳታስቸኩላት፣ በእርጋታ።
ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። መቼ እንደወረደ
አላየሁም፤
ቀልቤ ወደ ገጽ አርባ ሁለት ነበር የሄደ።

ተመለስኩ።