የሰኞ ሚዛን

ኑርዬ፣ አረፍ በል፤ ላብህን ጥረገው፣
በባቲ ቀትር ላይ አይደራደርም ሰው።
በሶፍት ጠቅልለህ ያመጣኻትን ፍታት፤
ስልክህን ግን ክተት፤ ያቺን ምስል ተዋት፣
ካቻምናም፣ ዘንድሮም ሰው ሁሉ አሳየኝ፤
«ይቺ ጠገራ በሚሊዮን» ትላለች፤ ትበል፣ ምን ከፋኝ?
እኔም ይህን በርጩማ፣ አንድ እግሩ የላላ፣
መቶ ሺህ ብዬ ልጥራ፣ ገዥ ይምጣ ከኋላ፤
እስኪመጣ ድረስ ቁጭ እልበታለሁ።
የሚጠሩት ሌላ፣
የሚከፍሉት ሌላ፣
በሁለቱ መሐል ስንት ሰው ዋለ ሳይበላ።

ስጠኝ እስኪ።
መጀመሪያ ጆሮ ይያት፤
በጥፍሬ ጫፍ አስቀምጬ በቀስታ ልምታት።
ሰማህ? ይረዝማል፣ እየሳሳ ይሄዳል፤
እርሳስ የገባበት «ጠብ» ብሎ ይቀራል።
ሚዛኑም መሰከረ፤ ሃያ ስምንት ግራም፣ ትንሽ ጎደል ያለ፤
የጥንቱ ወቄት ነው፤ ወርቅ የተመዘነበት፣ ዓለም ሳይታለለ።
የደረቷን ሉሎች ቁጠር። ዘጠኝ?
ዓይኔ ደክሟል፤ አንተ ድገምልኝ።
ዘጠኝ። ደግ።
ቁጥሯን አይተህ ግን እንዳትሸወድ፣
ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ነው የሁሉም ልደት፣
አያቴ ሳይወለድ የተመታችውም፣
አባቴ ካረጀ የተመታችውም፤
እንደ ቀበሌ መታወቂያችን፣
መስከረም አንድ ተወልደን ሁላችን።

ቀዳዳዋ ነው ያሳዘነኝ።
እናትህ ባንገቷ አስራት ኖራለች፤
ለጌጥ አማረች፣ በሰብሳቢ ዓይን ወደቀች።
ደግሞ በሎሚና ባመድ ፈተጋችኋት፣ ለኔ ብላችሁ!
የመቶ ዓመት ጥቁረቷን ገፈፋችሁ።
እሱን ነበር የሚገዛው፤
እናንተ አጠባችሁ፣ ውሃው ወሰደው።

እንግዲህ የብሯን ክብደት እከፍላለሁ፣ ለድካሜ ጥቂት ቀንሼ።
ደሴ ይጨምሩልሃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከደሴ ይበልጣል፤
የመኪናውን፣ የአልጋውን ስትቀንስ
እዚሁ በርጩማዬ ላይ ትገኛለህ።
ሂድ፣ ጠይቅ። አብሽር፣ አልቀየምም።
«ሸጠህ ስንት አገኘህ?» በል እንጂ፣
«ስንት ጠራህ?» አትበል።

ለምን እውነቱን ነገርኩህ?
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሰኞ ቀን፣ ከገርባ
አንዲት ሴት መጡ፤ ስማቸው ጦይባ፣
ፍየሎቻቸው በድርቅ ያለቁ።
ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ፤
ባለ አንበሳዋ ብር ነበረች፣
ያልተሸረፈች፣ ያልተበሳች፣
የጓዳ ጥቁረቷን እንደለበሰች።
እጄ ላይ ስትወድቅ አወቅኳት።
«ስንት ታወጣ ይሆን፣ ልጄ?»
አሉኝ፣ እያዩ ወደ እጄ።
በሚዛን ብቻ መዘንኳት።
«እንደ ማንኛዋም ብር ናት» አልኩ፤ ምላሴ አልተደናቀፈም።
መረቁኝ። ኑርዬ፣ መረቁኝ!
«አላህ እጅህን ይባርከው» ብለው
ግማሽ ኩንታል ማሽላ በአህያ ጭነው ሄዱ።

በወሩ አንድ የኮምቦልቻ ሐኪም
ብር ቆጥሮ እዚች ጨርቅ ላይ ዘረገፈ።
አልሸጥኩም።
«ሰኞ ይመጣሉ፣ የቀረውን እሞላላቸዋለሁ» ብዬ።
ሰኞ መጣ፤ ሌላ ሰኞም መጣ።
ገርባ ድረስ ሄድኩ፤ ሦስት ጦይባ አሳዩኝ፣
አንዳቸውም እሳቸው አይደሉ።

እዚያ ናት፣ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ።
የሰውን ሁሉ ዋጋ እናገራለሁ፣
የሷን ስጠየቅ ግን አላውቅም እላለሁ፤
ገዥና ሻጭ ተያይተው የሚቆርጡት ነው ዋጋ፣
እኔ ሻጯን አጥቻለሁ።

በል፣ ግመሎቹ መጫን ጀምረዋል፤ ገበያው ሊበተን ነው።
ልመዝናት ወይስ ይዘሃት ትሄዳለህ?
የፈለግከውን አድርግ፤
ሶፍቱን ብቻ አትጣለው።