የበላሁት ዕጣ

ሜክሲኮ አደባባይ፣
ዘጠነኛ ፎቅ፣ ውሃው የጠፋበት መጸዳጃ ቤት፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ፣
አውሮፕላን አበርራለሁ። ሃምሳ ብር ነው ትኬቴ፣
ሜዳዋ ስልኬ፣ ሰዓቷ የምሳ ሰዓቴ።
ከአውራ ጣቴ ሥር ተነስታ ትወጣለች፤
አንድ ነጥብ ሁለት... አንድ ነጥብ ስምንት... እጥፍ ሆነች።
በመስኮቱ ሽንቁር ቁልቁል ባቡሩ ይታያል፣
ወደ ለገሃር ሲሄድ፤ እሱ ሐዲዱን ያውቃል።
እኔ ግን ሦስት እጥፍ ስትል «ትንሽ ቆይ» እላለሁ፣
ላወጣ የዘረጋሁትን ጣት መልሼ አጥፋለሁ።
«ትንሽ» ናት የበላችኝ።
አራት ልትል ስትል፣ ሄደች። አመለጠችኝ።
ወድቃ አትሰበር፣ ጭስ እንኳ የላት፤
ዜሮ ትታልኝ፣ ወዲያው ሜዳው ላይ ናት።

ሃምሳው የራሴ ነበር፤ የማግስቱም መቶ።
ከዚያ ወዲያ ያለው ግን፣ ደመወዜ አልቆ፣ ኪሴ ተራቁቶ፣
የመሥሪያ ቤቱ እቁብ ነው። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፣
ሃያ አራት ሰው አምኖ በስልኬ የሚልክልኝ።
የጽዳቷ የእቴነሽ አለበት፣ ለልጇ መነጽር ያለችው፣
የዘበኛው የአስናቁ አለበት፣ ጣሪያው እያፈሰሰበት የቆጠበው፤
አሥራ ሁለት ሺህ ብር፣ በአራት ቀን፣ ባልዲ ላይ ሆኜ
አበረርኩት፤ «ነገ እመልሳለሁ» እያልኩ፣ ራሴን ለራሴ ለምኜ።

ዓርብ ደረሰ። የዱቄት ወተት ጣሳው ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣
አሥራ አንድ ብጣሽ ወረቀት፣ ያልወጣ ዕጣ።
ቢዘገይ ነው እንጂ እዚህ ማንም አይቀርም፤
ጣሳ ክንፍ የለውም፣ ይዞ አይበርርም።
የእቴነሽ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ነበር፤
«አንቺ አውጪ» አሏት። እጇን ከታ፣ ወረቀቷን ዓይኗ ሥር
እስኪነካት አስጠግታ፣ ፊደል በፊደል
«ደር... በው» አለች።

ጭብጨባ።
«ብላ ደርበው! እንኳን ደረሰህ!» አስናቁ ትከሻዬን መታ፣
እቴነሽ እልል አለች፣ በገዛ ብሯ፣ በደስታ።

በልቼዋለሁ እኮ።
ማንም አያውቅም። ከኪሴ ወደ ኪሴ ነው መንገዱ።
አሥር ዓርብ እከፍላለሁ ገና፣ ላላየሁት ብር፤
ከደረት ኪሴ ስልኬ ይንዘፈዘፋል፦
«ሃያ ብር ስጦታ አለዎት፤ ይነሱና እንብረር።»

ልጅቱ ወረቀቷን ገና አልጣለችም፤
አንዴ ስሜን፣ አንዴ ፊቴን፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ዝም።
ብዥ ብዬባት ይሆናል፤
ወይ ደግሞ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው፣
እሷ ብቻ አጥርታ አይታኝ።